ሥጋው እኔን አማረው

ባለፈው ሁዳዴ ነው። ፋሲል ግቢ በር ላይ እንግዳ ስጠብቅ አርፍጄ ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ አንዲት ፀጉራቸው ነጭ የሆነ የስኮትላንድ ሴትዮ መጡልኝ፣ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ፍርድ ቤት ነበር የሚሰሩት። ደግሞ አንብበው ነው የመጡት፣ በተለይ ያገራቸውን ሰው የጄምስ ብሩስን ታሪክ፣ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ አገሩ ሲመለስ ሐበሻ ጥሬ ሥጋ ይበላል ቢላቸው ውሸታም ነህ ብለው የሳቁበትን ሰውዬ። እና ገና ግቢውን ሳንዞር "እውነት ነው ግን? ትበላላችሁ?" አሉኝ።

እኔ እንግዲህ ከ55ቱ 40ኛው ቀን ላይ ነኝ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስም፣ ፒያሳ ያሉት ሥጋ ቤቶች ከተዘጉ ሰንብቷል። "እንበላለን እንጂ፣ እንደውም አሁን ራሱ አምሮኛል" ልላቸው ፈለግሁ። ያን ሰሞን ክሬቭ የምትባል የእንግሊዝኛ ቃል፣ መጎምጀት ማለት ናት፣ ከዩቲዩብ ለቅሜ የምጠቀምባት ቦታ እየፈለግሁ ስለነበር ደረቴን ነፍቼ "ራው ሚት ክሬቭስ ሚ" አልኳ።

ሴትዮዋ ቀጥ ብለው ቆሙ። "ሥጋው? አንተን?" ከዛ ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ለካ ሥጋው በኔ አምሮት ጎምጅቶ ሊበላኝ ነው ያልኩት።

ማታ ሳስበው ግን ጥፋቱ የኔ ብቻ አልመሰለኝም፣ አማርኛም አለበት። እኛ ሥጋ አማረኝ ስንል ማነው አድራጊው? ሥጋው ነው። እኔ ተደራጊ ነኝ፣ ቁጭ ባልኩበት መጥቶ አማረኝ። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ፣ ሁሉም እንደዛ ነው፣ እኔ ምንም አላረግሁም በቃ ተደረገብኝ። እንግሊዝኛው ግን "አይ"፣ እኔ ማለት ነው፣ ብሎ ነው ሚጀምረው፣ "አይ ክሬቭ ራው ሚት"፣ ጎምጂው አንተ ነህ፣ መደበቂያ የለህም። ደሞ ፎር ምናምን መሃል ላይ አትፈልግም፣ ግሱ ቀጥታ ነገሩን ይይዛል፣ ፎር በብዛት የምትመጣው ስሙ ላይ ነው፣ "ኤ ክሬቪንግ ፎር ሚት" ስትል።

ሴትዮዋ ያጫወቱኝን ደግሞ ልንገራችሁ የምር ገርሞኛል። ቃሉ በድሮው እንግሊዝኛ ይገባኛል ብሎ መጠየቅ ማለት ነበር አሉኝ፣ የምግብ ነገር ኋላ ነው የመጣው። እነሱ አገር ፍርድ ቤት እስከዛሬ ከሳሹ ዳኛው እንዲወስንለት የሚጠይቀው ነገር ክሬቭ ነው የሚባለው። እኛ ክስ ስንጽፍ መጨረሻ ላይ "የምጠይቀው ዳኝነት" የምንላት አለች አይደል፣ እሷ ማለት ናት። እንግዲህ እንግሊዝኛው ከሳሽ ያረግሃል፣ አማርኛው ተከሳሽ።

ሌላው ሰው የሚሳሳተው እፈልጋለሁ ለማለት ሁሉ ክሬቭ ክሬቭ ማለት ነው። ኧረ አይሆንም። ሃንግሪ ሆድ ባዶ ሲሆን ነው፣ ሽሮም ቢመጣ ጎመንም ቢመጣ ያልፍልሃል። ክሬቭ ግን ሽሮህን ጥግብ ብለህ በልተህም ያቺ ቁርጥ በሚጥሚጣ ከአይንህ አልሄድ ስትል ነው፣ ሌላ ነገር አይተካትም፣ እኛ ጎመጀሁ ቋመጥኩ የምንለው። ለሲጋራም ይሆናል፣ ሰው ዞር ብሎ እንዲያየኝ ለሚል ምኞትም ይሆናል። የነፍሰ ጡር አምሮትም ክሬቪንግ ነው። እህቴ በሰባት ወሯ ዝናብ የመታው የአፈር ሽታ አምሯት እኔ በበጋ ከቧንቧ ውሃ ቀድቼ ግቢ ውስጥ አፈር ሳረጥብ ነበር፣ ጎረቤት ምን አለኝ አትሉም።

ሃንገር ከምግብም ያልፋል፣ ማቴዎስ 5፥6 ላይ "ጽድቅን የሚራቡና የሚጠሙ" እንዳለው ማለት ነው፣ እዚህ ላይ ሁለቱም ቋንቋ ይስማማል።

ስታርቭ ላይ ግን ቤት ውስጥ ጣጣ መጣብኝ። ፈረንጅ ምሳ አንድ ሰዓት ሲዘገይበት "አይም ስታርቪንግ" ይላል፣ ቃሉ ድሮ በቁሙ መሞት ማለት ነበር፣ እኛም እኮ ረሃብ ገደለኝ እንላለን፣ ያው ነው። ይሄንን ለእናቴ ሳስረዳ ፊቷ ተለወጠ። እሷ የእብናት ልጅ ናት፣ በ77 እዛ የነበረውን መጠለያ በአይኗ አይታለች። "እንዲህ ያለ ነገር በቀልድ አይጠራም" አለችኝ። እንግሊዝኛው የአገሩን ረሃብ ፋሚን፣ የሆዱን ሃንገር ብሎ ለይቶታል፣ እኛ ግን ለሁለቱም ያው ረሃብ እንላለን፣ እና እሷ ቃሉን ስትሰማ ትልቁ ነው የሚመጣባት። ከዛ ወዲህ እሷ ፊት ሞረሞረኝ ነው የምለው።

የሥጋውን ነገር ስነግራት ግን ሳቀች። "እና እነሱ ሲያምራቸው እንዴት ነው የሚሉ?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ የጎመጀሁት ነው የሚሉ እማየ፣ ባለቤቱ ራሳቸው ናቸው።"

"እንዲያ ነዋ!" አለች ሽሮውን እያወጣች። "እነሱማ ጾም ይከብዳቸዋል። እኛን እኮ እሱ ነው የሚመጣብን፣ ደሞ በራሱ ጊዜ ይሄዳል።"

ሲሄድስ አላየሁትም፣ ለፋሲካ ገና 15 ቀን ቀርቶት ነበር።