ገልባጩ ተቆጠረ፣ ጭሱስ?

ልጅ እያለሁ ቤታችን የካባ ድንጋይ የሚያመላልሱ ገልባጮች ከሚያልፉበት መንገድ ዳር ነበር። እናቴ ልብስ የምታሰጣው እሁድ ብቻ ነው። በሌላ ቀን ያሰጣችው ነጭ ነጠላ ከሰዓት ቡናማ ሆኖ ይገባል። ክሩ ውስጥ የገባ አቧራ ደግሞ በሳሙና አይለቅም።

የእንግሊዙን የዋይትሄቨን የድንጋይ ከሰል ክርክር ከልቤ የተከታተልኩት ለዚህ ነው። ዕቅዱ ከባሕር በታች በዓመት እስከ 2.78 ሚሊዮን ቶን ማውጣት ነበር። ማጓጓዙ ታስቦበታል፤ ከሰሉ ከመሬት በታች በሚያልፍ ማጓጓዣ ቀበቶ ወደ ባቡር ይሄዳል። እናቴ ብታየው ትመርቃቸው ነበር።

ግን ከሰሉ ሲነድ የሚወጣው ጭስስ? «እዚህ ባይወጣ ሌላ ቦታ ይወጣል» ተባለና እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ፈቃዱ ተሰጠ። ይሄ መልስ እስካሁን ያናድደኛል። አቧራው የሚያርፈው ጎረቤት ልብስ ላይ ነው ብሎ ነገር አለ እንዴ?

ጁን 20 ቀን 2024 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰሪ (Surrey) አውራጃ የነዳጅ ጉድጓድ ጉዳይ በ3 ለ 2 ድምፅ ወሰነ። ነዳጁ ሲነድ የሚወጣው ጋዝም ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት በሚደረገው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ውስጥ መግባት አለበት አለ። በዚሁ ፍርድ መሠረት በሴፕቴምበር የዋይትሄቨን ፈቃድ ተሻረ። ሥራ ሲጠብቁ ለነበሩት አዝናለሁ፤ ፍርዱ ግን ትክክል ነው።

በኛም አገር አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ ያስገድዳል። ከሰል እኛም እያወጣን ነው። ዕቅድ ለውይይት ሲቀርብ እጄን አወጣለሁ። በቀን ስንት ገልባጭ፣ በየትኛው ሰፈር? ሲነድስ?