የአያት መቃብር ፍለጋ፦ ከእንጦጦ ማዶ እስከ አቃቂ

ለሦስት ሳምንት እረፍት አገር ቤት የሚገባ ሰው ከሻንጣው ሌላ አንድ አደራ አይጠፋውም። «አያትህ የተቀበሩት ሱሉልታ መንገድ ላይ ካለችው ማርያም ነው፤ ሄደህ መቃብራቸውን እይልኝ» ይባላል። አደራ ሰጪዋ ከአገር ከወጣች ዘመን ተቆጥሯል፤ የምታስታውሰው ቁልቁለቱንና ጥዱን ነው። አደራ ተቀባዩ መኪና ተከራይቶ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይሄዳል፣ ሣር ለሣር ሲንከራተት ይውላል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ አሮጌ መቃብሮች አብዛኞቹ ጽሑፍ የላቸውም። ጽሑፍ ያለባቸውም ቤተሰቡ በሚያውቀው ስም ላይጻፉ ይችላሉ። ስለዚህ መቃብሩ ጋ የሚደረሰው በመጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ሰዎች አሉ።

ጥያቄው ገና ውጭ ሳላችሁ በስልክ ይጀመር። ከቤተሰቡ በዕድሜ ለገፉት ደውሉና የሟቹን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የክርስትና ስም፣ ማዕረግ፣ የንስሐ አባት፣ በየወሩ የሚዘክሩትን ታቦት፣ ተዝካሩ የወጣበትን ቦታና ሐውልት ከተሠራ ያሠራውን ሰው ጠይቁ። የሞቱበትን ዓመት በቁጥር የሚነግራችሁ ሰው አይጠበቅም። «በኅዳር በሽታ ጊዜ» ካሏችሁ 1911 ዓ.ም. ነው፤ «ጣሊያን ሲገባ» ካሉ 1928፣ «ጃንሆይ ሲመለሱ» ካሉ 1933፣ «የታኅሣሥ ግርግር» ካሉ 1953። እንዲህ ያለ አንድ ፍንጭ ፍለጋውን ከሃምሳ ዓመት ወደ ሁለትና ሦስት ዓመት ያጠበዋል። ሽማግሌ ቶሎ ይደክማልና ሁሉን በአንድ ጊዜ አታውጣጡ። ደግሞ ፈቃድ ጠይቃችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፤ ዛሬ ትርጉም ያልሰጠ ስም ከወር በኋላ መዝገብ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ብዙ ፍለጋ የሚጨናገፈው በስም ነው። በቤቱ «አበበ» እየተባለ የኖረ ሰው ፍትሐቱ የሚደርሰው በክርስትና ስሙ፣ «ወልደ ሚካኤል» ወይም «ገብረ ማርያም» ተብሎ ነው። የቀድሞ ካህናት የሚያውቁትም በዚሁ ስም ነው። ሴት አያት ከሆኑ ነገሩ ይከብዳል፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የደፉ እንደሆነ «ወይዘሮ» መባላቸው ቀርቶ በ«እማሆይ» እና በክርስትና ስማቸው ይቀበራሉ። ከተማ ያሉት የልጅ ልጆች ይህን የማያውቁበት ጊዜ ብዙ ነው። ወታደር ከነበሩ ደግሞ የፈረስ ስም አለ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መላ» እንደተባሉት ሁሉ፣ የአያታችሁም የፈረስ ስም በ«አባ» የሚጀምር ነውና ድንጋይ ላይ ሲያዩት የመነኩሴ መቃብር መስሏቸው የሚያልፉት አሉ። በአዲስ አበባ ዙሪያ የኦሮሞ ቤተሰብ ከሆነም፣ ክርስትና ሲነሡ ሌላ ስም የተሰጣቸው አያቶች ሁለቱም ስማቸው ይያዝ። የውጭ አገሩ ወረቀት ለዚህ ሁሉ አይረዳም፤ እዚያ የአባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ ሆኖ ለልጅ ልጅ ስለሚተላለፍ የትውልዱ ሰንሰለት ይዛነፋል። በወረቀት ላይ «አባት ማን፣ አያት ማን፣ ቅድመ አያት ማን» ብላችሁ እንደገና ዘርጉት።

ቤተ ክርስቲያኑን ለመለየት የታቦቱ ቀን ጥሩ መሪ ነው። ሚካኤል በ12፣ ኪዳነ ምሕረት በ16፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ ተክለ ሃይማኖት በ24፣ መድኃኔ ዓለም በ27 ነው። አያት በየወሩ በ23 ጠላ ጠምቀው ዳቦ ጋግረው ይዘክሩ ከነበረ፣ አጥቢያቸው ጊዮርጊስ ሊሆን ይችላል ብሎ መጀመር አይከፋም፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። የምትሄዱበትንም ቀን በዚሁ ምረጡ። በወሩ በዓል ዕለት የሰፈሩ አዛውንቶች ያስቀድሳሉ፤ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው በጥላ ሥር ሲያርፍ ቀርቦ «እገሌን የሚያውቅ አለ?» ማለት ይቻላል። ዓመታዊ ንግሥ ላይ ግን አትሂዱ፤ ካህናቱም አዛውንቱም ፋታ የላቸውም።

ወሬው አንዴ ከተያዘ ቀጥሎ የሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ነው። የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ የሆነው ቃለ ዐዋዲ የወጣው በ1965 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የገጠር አጥቢያ ላይ የተደራጀ የቀብር መዝገብ ብዙም አትጠብቁ። ከዚያ ወዲህ ላለው መዝገቡ የሚጻፈው ቀን በቀን ነው፤ በፊደል ተራ ስላልሆነ ዓመቱን ሳትይዙ «ስሙን ፈልጉልኝ» ማለት ጸሐፊውን ማንገላታት ነው። ስም ስታነቡም «ኃይሉ»ና «ሀይሉ»፣ «ፀሐይ»ና «ጸሀይ» እንዳያመልጧችሁ። የመንግሥት የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ ለአያት ዘመን ወደ ወረዳ መመላለስ ጊዜ ማባከን ነው። ከዚያ ይልቅ የእድሩን ጸሐፊ ወይም ገንዘብ ያዥ ፈልጉ። የቆየ እድር ለሐዘንተኛው ገንዘብ የከፈለበትን ቀን በደብተር ይይዛል፤ ቀብሩም ከዚያ ቀን አይርቅም። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ከተማ ስለተጠቃለሉ የመሥሪያ ቤት ስሞች ተለውጠዋል። የኦሮሚያ ጽሕፈት ቤቶች በቁቤ ስለሚጽፉ ስሙን በዚያ አጻጻፍም አዘጋጅታችሁ ያዙ።

አሁን በጥንቃቄ ልትይዙት የሚገባ ነገር አለ። በከተማው ዳርቻ መሬት ውድ ሆኗል፤ የካሳና የይዞታ ክርክር ያልነካው ሰፈር ጥቂት ነው። ከውጭ የመጣ ሰው ደብተር ይዞ «አያቴ እዚህ ነበሩ፣ ቤታቸው የት ነበር?» ሲል የርስት ጠያቂ ይመስላል። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ የሕዝብ ከሆነ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሕጋዊ መሠረት የለውም፤ ስጋቱ ግን አለ፤ በአካባቢው ሰው ቦታ ሆናችሁ ብታዩት ያሰጋል። ስለዚህ ከሰፈሩ ሰው ጋር ሂዱ፣ መጀመሪያ አስተዳዳሪውን ወይም ቄሰ ገበዙን ተሳለሙ፣ የመጣችሁት ለመቃብርና ለፍትሐት እንደሆነ በግልጽ ተናገሩ። ከመቃብር ውጭ ያለ መሬት አትለኩ፤ ድሮን ጨርሶ አታስነሡ። ገንዘብ የምትሰጡ ከሆነ በጽሕፈት ቤቱ በደረሰኝ ይሁን። ቀብር ወይም ልቅሶ ካለ ፎቶው ቀርቶ ቁሙና ነፍስ ይማር በሉ።

መቃብሩ ጋ ሲደረስ ጊዜው ከጥቅምት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። በክረምት ሣሩ ከጉልበት ይበልጣል፤ ጭቃውም ያንሸራትታል። የምትይዙት ሁለት ሊትር ውኃ፣ ጸጉሩ ለስላሳ የሆነ ብሩሽ፣ ስፖንጅ፣ የእጅ ባትሪና እርሳስ ነው። የሽቦ ብሩሽ፣ በረኪናና አሲድ አይነኩትም፤ እብነ በረዱን ይበሉታል፣ በሲሚንቶ ላይ የተቀረጸውን ፊደል ከነቅርፊቱ ያነሡታል። ድንጋዩን በውኃ አርሱት፣ ላዩ ላይ የበቀለው ሽበት ይለስልስ፣ ከታች ወደ ላይ በቀስታ ጥረጉት። ፊደሉ ካልታየ ብርሃኑን ከጎን አምጡበት፤ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የተቦረቦረው ሁሉ ጥላ ይጥላል። በእኩለ ቀን ከሄዳችሁ ባትሪውን ከድንጋዩ ጎን ለጎን አስጠግታችሁ አብሩ። ፊደሉን በቀለም አታድምቁ፤ ገምቶ የቀባ ሰው የሌላ ሰው ስም ይጽፋል፣ ከዚያ በኋላ እውነተኛውን ማንም አያገኘውም።

ቁጥሩ በግዕዝ ከሆነ ከላይና ከታች ባለው ሰረዝ ይታወቃል። ፲፱፻፳፱ ማለት 19 መቶ ከ29፣ 1929 ነው። ፮ እና ፯ ሲያረጁ ይምታታሉ። እዚህ ላይ ወንጌላዊው ያድናል፤ ብዙ ሐውልት ላይ «ዘመነ ማርቆስ» ወይም «ዘመነ ሉቃስ» ይጻፋል። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ፤ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 1926 ማርቆስ፣ 1927 ሉቃስ ስለሆነ የተፋቀውን ቁጥር መለየት ይቻላል። ወደ ፈረንጅ ዘመን ስትመልሱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን 8 ትደምራላችሁ፤ የካቲት 1929 ስለዚህ 1937 ነው። ለሁሉም 8 የሚደምሩ ሰዎች የመስከረምንና የጥቅምትን ሟች በአንድ ዓመት ያስረዝማሉ። የተወለዱበትን ዓመት ደግሞ በሙሉ ልብ አትመኑ፤ ልጆቹ በኋላ በግምት ያስጻፉት ሊሆን ይችላል። ሐውልቱ ግርጌ ያለውን «ያሠሩት ልጆቻቸው» የሚለውን መስመር ግን አስተውላችሁ ገልብጡ፤ ያላወቃችሁት የአያት ወንድም ወይም እህት የሚገኘው እዚያ ነው።

ጽሑፍ የሌለው መቃብር የድንጋይ ክምር ወይም ትንሽ ጉብታ ብቻ ሊሆን ይችላል። የክርስቲያን መቃብር ራስጌው በምዕራብ፣ እግርጌው በምሥራቅ ነው። ካህናትና ሹማምንት ወደ ቤተ መቅደሱ ይጠጋሉ፤ ዘመድ ከዘመድ ጎን ይቀበራል። ስለዚህ የአንድ የታወቀ ዘመድ ሐውልት ካገኛችሁ ዙሪያውን ጠይቁ። ግቢው ሲጠብ ወይም ሕንፃው ሲሰፋ ዐፅም ተለቅሞ ወደ ሌላ ቦታ ሊሄድ ስለሚችል «ዐፅሙ ፈልሶ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ያልተረጋገጠን ጉብታ «ይሄ ነው» ብሎ ሐውልት ማቆም ግን በሌላ ሰው አያት ላይ መጻፍ ነው፤ በዚያ ፈንታ በደብሩ ፍትሐት ማስደረግና ስሙን በመታሰቢያ ማስያዝ ይቻላል። ኮልፌ ባለው የሙስሊሞች መካነ መቃብርም ብዙው ቀብር ምልክቱ ትንሽ ስለሆነ መንገዱ የሟቹ መስጊድ ጀመዓና አብሯቸው የሰገደ ሽማግሌ ነው።

ማሳደስ ከፈለጋችሁ በጽሑፍ ፈቃድ ሳትይዙ አንድ አካፋ አይነሣ። ከዚያ አፈሩን እዩ። አቃቂና ቦሌ ዙሪያ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ በቀጥታ የተለሰነ ሐውልት ጥቂት ክረምት ሳያልፍ ያዘነብላል ወይም መሃሉ ይከፈላል። ዐፅሙ ሳይነካ ዙሪያው ተቆፍሮ ጥቁሩ አፈር ይውጣ፣ ገረጋንቲ ይሞላና በየደረጃው ይጠቅጠቅ፣ ፌሮ ያለው ኮንክሪት ይፍሰስ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ወለሉ ወደ አንድ ጎን ያዘንብል። እንጦጦ በኩል ያለው ቀይ አፈር ይህን ያህል አያስቸግርም፤ እዚያ ጠላቱ የባሕር ዛፍ ሥር ነው። ሐውልቱን ለሠሪ ትታችሁ ከመብረራችሁ በፊት የሚጻፈውን ስም፣ የክርስትና ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን በእጃችሁ ጽፋችሁ አስፈርሙ። የመቃብሩን ፎቶ ከቅርብም ከሩቅም አንሡ፤ በሩቁ ላይ ቤተ መቅደሱ ይታይ። ከየትኛው በር ስንት ርምጃ እንደሆነም መዝግቡና አንዱን ቅጂ ለጽሕፈት ቤቱ፣ አንዱን አደራውን ለሰጠችው እናት ላኩ።