ሃያ አንድ ሰው

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ስንዴ በጫነች መርከብ ላይ የሞተር ክፍል ጀማሪ መሐንዲስ ሆኜ የኤደን ባሕረ ሰላጤን አቋርጥ ነበር። መርከባችን ከጭነቷ ብዛት ወደ ውኃው ዝቅ ብላ በሰዓት 12 ኖቲካል ማይል ብቻ ትጓዛለች። የባሕር ላይ ወንበዴዎች የሚመርጡት እንዲህ ያለችውን ነው፤ ቀርፋፋ፣ ጎኗም ባለ መንጠቆ መሰላል በቀላሉ የሚደርስበት።

ያ ዓመት ከሁሉ የከፋው ነበር። በዚያ ዓመት ብቻ 237 የሶማሊያ ወንበዴዎች ጥቃቶች ተመዝግበዋል። በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ሲፈርስ ጠረፉ ጠባቂ አጣ፤ የውጭ አሣ አጥማጅ መርከቦች ያለ ከልካይ ገቡበት። የተቆጡ የአካባቢው ሰዎች እነሱን በማባረር የጀመሩትን ነገር፣ ታጣቂዎችና ገንዘብ አቅራቢዎቻቸው የማስለቀቂያ ንግድ አደረጉት። ስለ አሣው የሚነገረው እውነት ነው፤ ነገር ግን በእገታ ወራትና ዓመታት የቆጠሩት አሣውን ያልነኩ እንደ እኛ ያሉ መርከበኞች ናቸው።

ከቀትር በኋላ ማንቂያው ጮኸ። ሁለት ፈጣን ጀልባዎች ከኋላችን ይመጣሉ፤ በአንደኛው ላይ መሰላል ታይቷል። መመሪያው ግልጽ ነበር፤ ሁሉም ሰው በመርከቧ ሆድ ውስጥ ወዳለው፣ በሩ በብረት ወደተጠናከረው መሸሸጊያ ይግባ። እኔ ግን ወደ መኝታ ክፍሌ ሮጥኩ። ፓስፖርቴና ለእናቴ ያጠራቀምኩት ገንዘብ እዚያ ነበሩ።

ስመለስ ዋናው መሐንዲስ በሩን በትከሻው ደግፎ ቆሟል። ፊሊፒናዊ ነው፤ ዕድሜው ከአባቴ ዕድሜ ይቀራረባል። ከኋላው ሰው የሚቆጥረው መርከበኛ «ሃያ አንድ፣ ሃያ አንድ» እያለ ይደጋግማል። ሃያ ሁለት ነበርን። ጎትቶ አስገባኝና በሩ ከተዘጋ በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረኝ፤ «አንድ ሰው ውጭ ከቀረ፣ ሃያ አንዳችንም ውጭ ነን።»

ነገሩ የገባኝ ሲያስረዳኝ ነው። በመስከረም 2010 ወንበዴዎች ማጄላን ስታር የተባለችውን መርከብ ሲወጡባት፣ 11ዱም መርከበኞች ሞተሩን አጥፍተው መሸሸጊያው ውስጥ ራሳቸውን ቆልፈው ነበር። የአሜሪካ ባሕር ወለድ ወታደሮች በማግሥቱ ገብተው አንድም ጥይት ሳይተኩሱ አስለቀቋቸው። ይህ የሆነው ከመርከበኞቹ አንድ ስንኳ በወንበዴዎቹ እጅ ስላልነበረ ነው። አንድ ታጋች ካለ ወታደር በቀላሉ አይገባም፤ በሩም በታጋቹ ነፍስ ይከፈታል። እኔ ለአንድ ፓስፖርት ብዬ ያንን ታጋች ልሆን ነበር።

የጦር መርከብ ሄሊኮፕተር ደርሶ ጀልባዎቹ ተመለሱ። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተለወጠ። የጦር መርከቦች ጥበቃ፣ የታጠቁ ዘቦች፣ በመርከቡ ዙሪያ የሚጠመጠም ስለታም ሽቦ፣ የተደጋገመ ልምምድ ተደማምረው ጥቃቱ በ2012 ወደ 75፣ በ2013 ወደ 15 ወረደ። በጥር 2023 የመርከብ ኢንዱስትሪው «ከፍተኛ ሥጋት ያለበት ቀጠና» የሚለውን ስያሜ ከአካባቢው ላይ አነሣ። ብዙ ባልደረቦቼ ወንበዴው እንደ ወረርሽኝ ራሱ የጠፋ ይመስላቸዋል። ይህ ያሳዝነኛል። ያስቆመው የሰው ድካም ነው፤ የሌሊት ዘብ፣ የደማ እጅ፣ ቆጠራ።

በታኅሣሥ 2023፣ የጦር መርከቦቹ ዓይን ወደ ቀይ ባሕር በዞረበት ጊዜ፣ ሩየን የተባለች መርከብ ታገተች። የሕንድ ባሕር ኃይል 17 መርከበኞችን አስለቅቆ 35 ወንበዴዎችን የያዘው ከሦስት ወር በኋላ ነው። በመካከሉ፣ በጥር 2024፣ እኔ በሌላ መርከብ ላይ ዋና መሐንዲስ ሆኜ ከሳውዲ አረቢያ ምሥራቃዊ ጠረፍ ማዳበሪያ ጭነን ወደ ጂቡቲ እንሄድ ነበር። መሸሸጊያውን ልፈትሽ ስገባ በሩ ግማሽ ድረስ ብቻ ተከፈተ። የቀለም ጣሳ፣ ያረጀ ገመድ፣ የተሰበረ ወንበር ሞልቶታል። የታሸገው ውኃ ጊዜው አልፎበታል።

ካፒቴኑን አስፈቅጄ ከሁለት ልጆች ጋር ሙሉ ቀን ጠረግነው። ማምሻውን ልምምድ አደረግን፤ 20 ሰው ቆጠርኩ፣ ሁሉም ገቡ። የሳተላይት ስልኩ ባትሪ ግን ሞቶ ነበር፤ ጂቡቲ እስክንደርስ ድረስ ምትክ አላገኘንለትም።