የአንድ ዓመት ተጫዋች

ልጄ ከትምህርት ቤቱ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የመመዝገቢያ ቅጽ ይዞ ከመጣ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ከቅጹ ጋር ስለ ጭንቅላት ጉዳት የሚያስረዳ፣ ወላጅም ተማሪም አንብበው የሚፈርሙበት ገጽ ተያይዟል። ይህን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቤ ሳልፈርም መልሼ አስቀምጬዋለሁ፤ ባነበብኩት ቁጥርም ሐሳቤ የሚሄደው ክሪስ ቦርላንድ ወደሚባለው ተጫዋች ነው።

ልጄ መሆን የሚፈልገው ላይንባከር ነው። ከፊተኛው የመከላከያ መስመር ኋላ ቆሞ፣ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ተጋጣሚ ተንደርድሮ ይዞ የሚጥለው ተከላካይ ማለት ነው። ቦርላንድም በዚሁ ቦታ ይጫወት ነበር። የኦሃዮ ልጅ ነው፤ በዊስከንሲን ዩኒቨርሲቲ እየተጫወተ እ.ኤ.አ. በ2013 ቢግ ቴን የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ ምርጥ ተከላካይ ተባለ፣ በ2014 ደግሞ የሳን ፍራንሲስኮው የባለሙያዎች ቡድን ፎርቲናይነርስ በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ሦስተኛ ዙር ወሰደው። በዚያ ቡድን ውስጥ የእርሱን ቦታ የያዘው ስመ ጥሩው ፓትሪክ ዊሊስ ስለነበር ወጣቱ ወረፋ ጠባቂ ነበር። በጥቅምት ወር ግን ዊሊስ የእግሩ ጣት ተጎድቶ ከሜዳ ሲወጣ ቦርላንድ ተተካ፣ በኅዳርም ከኒውዮርክ ጃይንትስ ጋር በተደረገ ጨዋታ በተጋጣሚ የተወረወረ ኳስ ሁለት ጊዜ ነጠቀ። የመጨረሻው ንጥቂያ ቡድኑ 16 ለ 10 እንዲያሸንፍ ያደረገ ነበር። በዚያ ዓመት ከ100 በላይ ተጋጣሚዎችን ይዞ ጥሏል።

ከዚያም በመጋቢት 2015፣ ዊሊስ በቃኝ ካለ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ የዊሊስ ወራሽ ይሆናል ተብሎ የተጠበቀው ቦርላንድም መጫወት ማቆሙን አስታወቀ። ዕድሜው 24 ነበር።

ወሬውን በሰማሁበት ጊዜ እንጀራውን ረገጠ ብዬ አዝኜለት ነበር፤ ዛሬ እንደዚያ ማሰቤን እቆጭበታለሁ። ሰው በቃኝ የሚለው ወይ ሲመረው ወይ ሲጠግብ ነው፤ እርሱ ግን አልመረረውም፣ አልጠገበምም፣ አልታመመም። አእምሮው ንጹሕ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ያስቆመው የአንጎል ጉዳት ምልክቱ እስኪታይ ከጠበቅሁ ይረፍድብኛል የሚለው ስሌት ነበር። በንባቡ ያገኛቸውን የቀድሞ ተጫዋቾች ማይክ ዌብስተርን፣ ዴቭ ደርሰንንና ሬይ ኢስተርሊንግን በስም ጠቅሷል። ናይጄሪያዊው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ በ2002 የሞተውን የዌብስተርን አንጎል መርምሮ ነው ዛሬ ሲቲኢ የሚባለውን በተደጋጋሚ ምት የሚመጣ የአንጎል ጉዳት በፉትቦል ተጫዋች ላይ ያገኘው። ተከላካዩ ደርሰን በ2011 ራሱን ሲያጠፋ አንጎሉ ለምርምር እንዲሰጥ በጽሑፍ ተናዞ ነበር። ይህን ጉዳት በእርግጠኝነት ማረጋገጥ የሚቻለው ከሞት በኋላ ስለሆነ፣ በሕይወት ያለ ተጫዋች እስካሁን ደህና ነህ፣ ከዚህ በኋላ ግን አቁም የሚለው መርማሪ አያገኝም። ቦርላንድ ይህን ውሳኔ ብቻውን፣ ያለ ማስረጃ ወረቀት መወሰን ነበረበት፤ ገና ላልተጫወተባቸው ሦስት ዓመታት የተከፈለውንም የፊርማ ገንዘብ፣ ከ600,000 ዶላር በላይ ከነበረው ሦስት አራተኛውን፣ መመለስ ነበረበት።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሐሳቡን ያስጀመረው ምት ነው። የደረሰበት በመጀመሪያው የዝግጅት ወቅት፣ በልምምድ ላይ፣ ከገዛ የቡድን ጓደኛው ጋር ተጋጭቶ ነው። ጭንቅላቱ እንደዞረበት ተሰምቶት ነበር፤ ቦታ ለማግኘት ይፎካከር ስለነበረ ግን ለማንም ሳይናገር ልምምዱን ቀጠለ። የ23 ዓመት ሰው፣ በዙሪያው ሐኪሞች ተሰልፈው ሳለ፣ ያንን ከደበቀ የ14 ዓመት ልጅ ለአሠልጣኙ ይናገራል ብዬ እንዴት ልመን? ቅጹ ተማሪው ምልክቱ ሲሰማው ወዲያው እንዲናገር ያዛል። ልጄ ሦስት ጨዋታ ተጎድቼ ብወጣ ቦታዬን ሌላ ይወስደዋል ብሎ እንደሚፈራ አውቃለሁ።

ትናንት ማታ ከእራት በኋላ ታሪኩን ሁሉ ነገርኩት። የጃይንትስን ጨዋታ በስልኩ ፈልጎ ሁለቱንም ንጥቂያዎች ደጋግሞ አየ፣ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ከዚያ «አባዬ፣ ተመልሶ አልተጫወተም?» አለኝ። አልተጫወተም አልኩት። «አንድ ዓመት ግን ተጫውቷል» ብሎ ዝም አለ። የሚመለስ መልስ ስላልነበረኝ እኔም ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አብረን ሄደን አሠልጣኙን እናነጋግራለን። የምጠይቀውን በወረቀት ጽፌያለሁ፦ በሳምንት ስንት ቀን እየተጋጩ ይለማመዳሉ፣ ልጁ ዞረብኝ ሲል ከሜዳ የሚያወጣው ማን ነው፣ መልሶ እንዲገባ የሚፈቅደውስ ማን ነው። ቅጹ እስከዚያ ድረስ ከማቀዝቀዣው በላይ ይቆያል።