ጄኒስታን አበባዋ ካለፈ በኋላ ማቆየት

በየካቲትና በመጋቢት በአውሮፓና በአሜሪካ ሱቆች በትንሽ ማሰሮ የምትሸጠው፣ ከላይ እስከ ታች ቢጫ የለበሰችው መዓዛማ ቁጥቋጦ አብዛኛውን ጊዜ ጄኒስታ ስፓኪያና ናት። የሁለት የካናሪ ደሴቶች ዝርያዎች ድቃል ነች። የአተርና የባቄላ ዘመድ በመሆኗ አበባዋም የአተር አበባ ይመስላል። ቅጠሏ ሦስት ሦስት እየሆነ ይወጣል፣ ዓመቱን ሙሉም አይረግፍም። መሬት ላይ ከተተከለች እስከ 3 ሜትር ታድጋለች።

ብዙ ሰው ገዝቶ ሳሎን ማሞቂያው አጠገብ ያስቀምጣታል። የሚገድላትም ይኸው ነው። ሙቀት ሲበዛባት ያልፈነዱት እንቡጦች ይጠወልጉና ቅርንጫፏን ነካ ሲያደርጓት እንደ ገብስ ይረግፋሉ። በደረቅ አየር ደግሞ ቀይ ሸረሪት የምትባለው ጥቃቅን ተባይ ትመጣባታለች፤ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ስታዩት ነጫጭ ነጥብና ስስ ድር ካለ እሷ ናት። ጄኒስታ የምትፈልገው ከ10 እስከ 13 ዲግሪ የሆነ ብርሃናማ ቦታ ነው፤ ማሞቂያ የሌለው ክፍል ወይም በመስታወት የተዘጋ በረንዳ ይበቃታል። የሚቀጥለው ዓመት እንቡጥም የሚቋጠረው በዚሁ ቅዝቃዜ ነው። ጠንካራ ውርጭ ግን አትችልም።

የአፈሩ የላይኛው 2 ሴንቲ ሜትር ሲደርቅ አጠጧት፤ ማሰሮው ሥር ባለው ሳህን የተጠራቀመውን ውሃ ድፉት። አንዴ ክው ብላ ከደረቀች ቅጠሏን ታራግፋለች፣ መልሳ ለማልበስም ወራት ይፈጅባታል።

ዋናው ሥራ መግረዝ ነው። አበባው እንዳለቀ፣ ፍሬ ሳይቋጠር፣ ያበበውን ቅርንጫፍ በሙሉ ሁለት ሦስተኛውን ቁረጡ። ቅርንጫፉን ወደ ውስጥ ተከትላችሁ ብታዩት ለምለሙ አረንጓዴ ክፍል አልቆ ቡናማና ቅጠል አልባ የሆነው እንጨት የሚጀምርበት ቦታ አለ። መቀሱ ከዚያ ቦታ በላይ፣ ጥቂት ቅጠል አስቀርቶ ይለፍ። ከአሮጌው እንጨት አዲስ ቡቃያ ማውጣት ስለሚያቅታት፣ እስከዚያ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ደርቆ ይቀራል። ለዓመታት ሳትገረዝ እግሯ የተራቆተን ጄኒስታ በአንድ ጊዜ አሳጥራለሁ ማለትም መግደል ነው፤ ከቅርንጫፏ አዲስ ተክል ማውጣት ይሻላል።

ለዚህም በአውሮፓና በአሜሪካ በጋ አጋማሽ፣ በሐምሌ አካባቢ፣ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ጫፉ ለስላሳ ግርጌው ጠንከር ያለ ቅርንጫፍ ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አንሱለትና እኩል በተቀላቀለ አሸዋና ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ፍርፋሪ) ውስጥ ትከሉት፣ ጥላ ቦታም አቆዩት። ሥር ሲይዝ ወዲያው ወደሚኖርበት ማሰሮ ይዛወር፤ በኋላ ሥሯ ሲነካካ አትወድም። ለማሰሮው ሁለት እጅ የአበባ አፈር ከአንድ እጅ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሉ። ፍግና ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ተዉት፤ ሥሯ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅኑን ከአየር ያመጡላታል፣ ትርፉ ቅጠል ብቻ ያበዛል።

ካሊፎርኒያ የምትኖሩ ግን ማሰሮ ውስጥ ብቻ አቆዩዋት፣ ፍሬዋም ተክሏ ላይ እንዲበስል አትተዉ። የቅርብ ዘመዷ፣ የፈረንሳይ ብሩም የምትባለው ቁጥቋጦ፣ እዚያ ኮረብታውን ወርራለች። ደረቅ ፍሬዋ ፈንድቶ ዘሩን ይበትናል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ሁለቱ ዝርያዎች እርስ በርስ መዳቀልም ይችላሉ። ተክሏና ዘሯ መርዛማ ስለሆኑ የተገረዘውን ልጆችና እንስሳት ከሚደርሱበት አርቁት።