የክፍል አለቃው ስም መጻፍ ሲያቆም

አብዛኛው የአገራችን ልጅ የመሪነትን ሥራ መጀመሪያ የሚያየው ክፍል ውስጥ ነው። የክፍል አለቃ እንለዋለን፤ ሞኒተር የሚሉትም አሉ። ሥራውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መምህሩ ሲወጣ ወረቀት ይዞ ይቆማል፣ የሚረብሹትን ስም ይጽፋል። ደግሞ ለረበሸ ከስሙ ጎን ኤክስ ይጨምርለታል። መምህሩ ሲመለስ ወረቀቱን ያስረክባል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ ከክፍሉ አንደኛ የወጣው ልጅ ነው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ፣ ክበባትንና የተማሪዎች ፓርላማን አስተባብራለሁ። ያ ወረቀት ሁሌም ይከነክነኝ ነበር። አለቃው ከእሱ የሚማረው ምንድን ነው? ሥልጣን የሚገኘው ሌላውን በመብለጥ እንደሆነ፣ ከተገኘ በኋላ ደግሞ የሚያገለግለው ሌላውን ለመቆጣጠር እንደሆነ ነው። የቀሩት ልጆች አለቃን መፍራትና ማባበል ይማራሉ። «ስሜን ሰርዝልኝ» ብሎ ማስቲካ የሚያቀብል ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ። እነዚህ ልጆች ነገ ቀበሌ ውስጥ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ምክር ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ይህን ለመለወጥ የጀመርኩት ሆም ሩም በሆንኩበት ክፍል ነው። አለቃው ስም መጻፉን አቆመ። በምትኩ ሌላ ኃላፊነት ተሰጠው። ዛሬ ማን ቀረ? ለምን ቀረ? ኖት ማን ያደርስለታል? መጽሐፍ የሌለው ማን ነው፣ ከማንስ ጋር ይጠቀም? ይህ ለአንድ ሰው ስለሚከብድ ለሦስት ልጆች አካፈልነው። ሦስቱ በየወሩ ይቀየራሉ። ወራቸው ሲያልቅ ግን ሥራውን ለተተኪዎቻቸው አሳይተው ነው የሚወጡት።

አንዳንድ ባልደረቦቼ አልወደዱትም። «ታዲያ ማን ጸጥ ያሰኝልናል?» አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ላይ ክፍሉ በእርግጥ ተንጫጫ። መፍትሔው መምህር በማይኖርበት ሰዓት በቡድን የሚሠራ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ትቶ መሄድ ሆነ። ጫጫታው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ አብዛኛው ግን ስለ ጥያቄው ሆነ።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ከሮስተሩ ግርጌ የማይጠፋ አንድ ልጅ ነው። ተራው ደርሶ ከሦስቱ አንዱ ሆነ። አንዲት ተማሪ ለተከታታይ ቀናት ቀርታ ነበር። እኔም ዩኒት ሊደሩም ምክንያቱን አናውቅም። እሱ ሰፈሯ ድረስ ሄዶ ጠየቀ። እናቷ ታመው ታናናሾቿን የምትጠብቀው እሷ ኖራለች። በማግስቱ ጎረቤቷ የሆኑ ሁለት ልጆች ኖት እንዲያደርሱላት አደረገ፣ ለእኔም ነገረኝ። በደረጃ ብቻ ብንሄድ ይህ ልጅ በትምህርት ዘመኑ ሁሉ አንድም ቀን አለቃ አይሆንም ነበር። የሰው ችግር ጠይቆ የማወቅ ችሎታው ካርድ ላይ አይጻፍም። እኔ ግን በአንድ መሪ ላይ ማየት የምፈልገው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

ቀጥሎ የማስተምርበትን መንገድ ቀየርኩ። አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን ይዞ እንዲያጠና የሚያደርገውን፣ አንድ ለአምስት የሚባለውን አደረጃጀት ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን ሰቃዩ ይሠራል፣ የቀሩት ስማቸውን ያስጽፋሉ። አብሮ መቀመጥ ብቻውን ትብብር አይሆንም። አንዱ ያለ ሌላው መሥራት የማይችልበት ሁኔታ መፈጠር አለበት።

ለዚህ የረዳኝ መምህራን ጂግሶው የምንለው ዘዴ ነው። ኤሊየት አሮንሰን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ ጀመረው። በዘር ተለያይተው የኖሩ ልጆች በአንድ ክፍል እንዲማሩ ተደርጎ ነበር፣ ጠቡም በርትቶ ነበር። አሮንሰን ክፍሎቹን ሲመለከት ልጆቹ በመምህሩ ፊት ለመታየት እርስ በርስ እንደሚሻሙ አየ። ስለዚህ ትምህርቱን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ የቡድን አባል አንድ ክፍል ሰጠ። ሙሉውን ለማወቅ አንዱ ሌላውን መስማት ግድ ሆነ።

እኔ ስለ መንግሥት አወቃቀር ሳስተምር ርዕሱን ለአምስት ከፈልኩት፦ ሕግ አውጪው፣ አስፈጻሚው፣ ፍርድ ቤቱ፣ የክልሎች ሥልጣን፣ የዜጎች መብት። በየቡድኑ አንድ ልጅ አንድ ክፍል ይይዛል። ተመሳሳይ ክፍል የያዙት ከየቡድኑ ተሰባስበው ያጠናሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ለጓደኞቻቸው ያስተምራሉ። ፈተናው ግን የየግል ነው፣ ከአምስቱም ይወጣል።

በአንዱ ቡድን ስለ ፍርድ ቤት የያዘችው ልጅ ድምጿ የማይሰማ ዓይናፋር ነበረች። ሰቃዩ ልጅ ተሰላችቶ «ተዪው፣ እኔ አነበዋለሁ» አላት። ጠጋ ብዬ ያነበበችው ወረቀት እሷ ጋ ብቻ እንዳለ፣ ጥያቄውም እንደሚመጣ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «እሺ፣ ዳኛን የሚሾመው ማነው?» ብሎ ጠየቃት። መለሰች። ሌላ ጠየቀ። ሰው አፉን እንዲከፍት የሚያደርግ ጥያቄ መጠየቅ ለዚያ ልጅ ከማንኛውም ሥልጠና የበለጠ የመሪነት ትምህርት ነበር። እሷም ከዚያ ወዲህ ሳትጠየቅ መናገር ጀመረች።

ውድድርን ግን አላጠፋሁም። ወጣት መወዳደር ይወዳል፣ ውድድርም ያተጋል። ቅርጹን ነው የቀየርነው። በጥያቄና መልስ ውድድር ድሮ ከየሴክሽኑ ሁለት ሰቃዮች ይቀርባሉ፣ ሌላው ያጨበጭባል። አሁን ጥያቄው ለቡድን ይቀርብና አባላቱ ይመካከራሉ፤ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። መልሱን የሚናገረው ቁጥሩ የወጣለት ልጅ ነው። ስለዚህ ሰቃዩ ልጅ ማሸነፍ ከፈለገ ደካማውን አባል ማብቃት አለበት። ጩኸቱና ደስታው እንደ ድሮው ነው፤ እንዲያውም ጨምሯል።

አንድ ነገር ግን ሊታሰብበት ይገባል። ቡድን ከቡድን ሲፎካከር ትብብሩ የሚጠናከረው ውስጥ ለውስጥ ብቻ ነው። እኛም ጋ ሁለት ሴክሽኖች መሰዳደብ ጀመሩ፣ በእግር ኳስ ግጥሚያ ላይም ተጣሉ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ኦክላሆማ፣ ሮበርስ ኬቭ በሚባል ስፍራ 22 ወንዶች ልጆችን ለሁለት ከፍሎ አወዳድሯቸው ነበር። ልጆቹ የተቀናቃኛቸውን ባንዲራ እስከማቃጠል ደረሱ። አብረው ፊልም እንዲያዩ፣ አብረው እንዲበሉ ቢደረግም አልበረዱም። የበረዱት ውኃ ሲቋረጥና መኪናቸው አልነሳ ሲል ነው። ለገመድ ጉተታ የተፎካከሩበትን ያንኑ ገመድ መኪናው ላይ አስረው በአንድነት ጎተቱት። ተመራማሪዎቹ ልጆቹን ለጠብ ገፋፍተዋል የሚል ትችት በኋላ ተነስቷል፣ ትችቱም ሚዛን ይደፋል። የመጨረሻው ክፍል ግን እኔ ካየሁት ጋር ይገጥማል። ለሁለቱ ሴክሽኖች ስለ ፍቅርና መቻቻል አልሰበክንም። ለ9ኛ ክፍል ልጆች የቅዳሜ ቲቶሪያል እንዲሰጡ አደረግን፣ አስጠኚዎቹም ከየሴክሽኑ አንድ አንድ ሆነው ተጣመሩ። ትንንሾቹ ልጆች ፊት ተኮራርፎ ማስጠናት አይቻልም።

በወላጆች ስብሰባ አንድ አባት ተነሱና «መምህር፣ የሚሉት ሁሉ ደግ ነው። ግን ልጄ ስንተኛ ወጣች?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የሰማ ወላጅ እንዴት አይጨነቅ? እኔም እንዲህ አልኳቸው፦ «አባባ፣ ማለፊያው 50 ነው። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ 50 ብታመጣ ከእርስዎ ልጅ ላይ የሚቀነስ የለም። ሁለቱም ያልፋሉ። አስረድታት ከሆነ ደግሞ የበለጠ የገባት የእርስዎ ልጅ ናት።» ሕክምናን የመሰለ ትምህርት ለመግባት ከዚያ በኋላ ውድድር እንዳለ አልደበቅኋቸውም። የመጀመሪያው አጥር ግን አብረው የሚያልፉት ነው። እኛ በየክፍሉ የምንለጥፈው ደረጃ ነው ጓደኛን ባላንጣ የሚያስመስለው።

አባትየው ጥቂት አሰቡና «እኛም በዕድራችን ዳኛ የምናደርገው ሀብታሙን አይደለም፣ የምናምነውን ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ለወላጆች ሳስረዳ የእሳቸውን አባባል እጠቀማለሁ። የዕድር ዳኛ ሲመረጥ ሰው የሚያየው በለቅሶ ቤት ድንኳኑን ማን እንደተከለ፣ ማን እንዳልቀረ ነው።

ለተማሪዎቹ ደግሞ ስለ ደራርቱ ቱሉ እነግራቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር አሸነፈች፤ ከዚያ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 በኒውዮርክ ማራቶን እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ እግሯን አሟት ወደኋላ ስትቀር ደራርቱ አብራት ቀረት ብላ አበረታታቻት። ውድድሩን ያሸነፈችው ግን ራሷ ደራርቱ ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነች። ልጆቹ ይህን የሚወዱት ማሸነፏን ስላልተወች ነው። ለሰው ማዘን ማለት መሸነፍ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

ይህ መንገድ ሁሉንም ልጅ አላስደሰተም። አንድ በጣም ጎበዝ ልጅ «ቲቸር፣ እኔ ሌላውን እየጠበቅሁ ጊዜዬ ያልፋል» አለኝ። ልክ ነው፣ ፈጣን ልጅ ሁልጊዜ አስረጂ ብቻ ሆኖ መኖር የለበትም። ከባድ የሒሳብ ጥያቄዎችን ሰጠሁት፣ ከሌሎች ፈጣን ልጆች ጋርም ብቻ ለብቻ እንዲወዳደር አደረግሁ። የማልቀበለው ኃላፊነት የውድድር ሽልማት ሲሆን ነው። አንደኛ ለወጣ መጽሐፍ እንሸልመው፣ እናጨብጭብለት። ሌሎችን የመምራት ሥራ ግን ለሽልማት የሚሰጥ አይደለም።

በዚሁ ሐሳብ የፓርላማውን ምርጫም አስተካከልነው። ዕጩዎች ብቻቸውን አይቀርቡም፤ ከተለያየ ክፍል ሦስት ሆነው ከነዕቅዳቸው ይቀርባሉ። ያሸነፈው ቡድን ከተሸነፉት ዕቅድ ቢያንስ አንዱን ወስዶ ባለቤቱ እንዲመራው ያደርጋል። በመጀመሪያው ምርጫ የተሸነፈች አንዲት ልጅ ዕቅዷ ለሴት ተማሪዎች ሞዴስ የሚቀመጥበት ቦታ ማዘጋጀት ነበር። አሸናፊዎቹ ወሰዱት፣ እንድትመራውም ጠየቋት። ከመምህራንና ከወላጆች መዋጮ አሰባስባ አንድ ቁም ሣጥን በሴት መምህርት ኃላፊነት እንዲቀመጥ አደረገች። በዚያ ዓመት ከነበሩት ዕቅዶች ሁሉ ቀድሞ ያለቀው ይህ ነው።

የ12ኛ ክፍል ልጆች በፈተና ስለሚወጠሩ አሁን ርክክቡን ወደ መንፈቀ ዓመቱ አምጥተነዋል። ከግማሽ ዓመት ዕረፍት በኋላ ሥራው ለ11ኛ ክፍሎች ይተላለፋል፣ የቀድሞዎቹም በአማካሪነት ይቆያሉ። ዘንድሮ የቁም ሣጥኑን ኃላፊነት የተረከቡት ሁለት ልጆች ሲሆኑ፣ አንደኛው ወንድ ነው።