አክስቴ፣ ዊንዶውስና የቅሬው ደንብ

አክስቴ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ውል ትጽፋለች፣ የሠርግ ጥሪ ታዘጋጃለች። ቤቷ ጠባብ ናት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ጥግ ላይ ረከቦት። እሷ የዊንዶውስ ሰው ናት፣ እኔ የሊኑክስ። ሁለቱም ኮምፒውተሩን የሚያሠሩ ሥርዓቶች ናቸው፤ የእኔው በነፃ ይገኛል። ከአሥር ዓመት በላይ ተከራክረናል።

የእኔ ፍቅር የጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ያኔ በሲዲ በነፃ ይላክ ነበር። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ያቋቋመው ድርጅት የፖስታውን ወጪ ሳይቀር ይችላል። ኢንተርኔት ካፌ ገብቼ የአባቴን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ሞላሁ። ከሳምንታት በኋላ ሲዲው መጣ። 8.04 ይላል። ዓመቱና ወሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. 2008፣ አራተኛው ወር። በዚያን ጊዜው ኢንተርኔት እሱን የሚያህል ነገር ደሴ ላይ ማውረድ አይታሰብም ነበር። የማላውቀው ሰው ከሩቅ አገር «እንካ፣ ያንተ ነው፣ ለጓደኛህም አባዛለት» ያለኝ መሰለኝ። ያ ስሜት እስካሁን አልወጣልኝም።

ኮምቦልቻ ስማር ደግሞ የፍላሽ ሐኪም ሆንኩ። ያ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ትዝ ይላችኋል? ልጆች የመመረቂያ ጽሑፋችን ጠፋ ብለው ፊታቸው አመድ መስሎ ይመጡ ነበር። ቫይረሱ ግን ፋይሉን አላጠፋውም፣ ደብቆታል እንጂ። ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ እኔ ኮምፒውተር ላይ አይነሳም። ፍላሹን ስሰካው የተደበቀው ሁሉ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው እንዴት ወገን አይይዝም?

አክስቴን «ቀይሪው» እላታለሁ። እሷ ቡናዋን እየቀዳች «አብሽር ልጄ፣ ይሄ እንጀራዬ ነው» ትለኛለች። ግትርነት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ደረሰ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመበት ቀን ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል ይፈልጋል። የአክስቴ ኮምፒውተሮች የላቸውም። አዲስ እንዳትገዛ ዋጋው አይቀመስም። ሚንት የሚባለውን ሌላ የሊኑክስ ዓይነት በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። ምንም ሳላጠፋ፣ ከፍላሹ አስነስቼ ፋይሎቿን ልከፍትላት።

መጀመሪያ የከፈትኩት የሰፈሩን የቅሬ ደንብ ነው፤ ቅሬ እኛ ጋ እድር ማለት ነው። በ1998 ዓ.ም. ራሷ የጻፈችው። ስክሪኑ ላይ የወጣው የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ብቻ ነበር። አንድም አማርኛ የለም።

አክስቴ ምንም አላለችም። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ «እኔ ዊንዶውስን ወድጄው መሰለህ? እነዚህን ወረቀቶች ነው የያዝኩት» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒኮድ ኮምፒውተሮች ሁሉ ለእያንዳንዱ ፊደል የሚጠቀሙበት የጋራ ቁጥር ነው። የእኛ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አክስቴ ሥራ የጀመረችበት ዊንዶውስ ኤክስፒ ግን የአማርኛ ፊደል ይዞ አልመጣም። ኒያላ የሚባለው ፊደል ከዊንዶውስ ጋር መምጣት የጀመረው ከኤክስፒ በኋላ በወጣው በቪስታ ጊዜ ነው። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቶች በየራሳቸው መጻፊያ ፕሮግራም ይሠሩ ነበር። እነዚያ ፕሮግራሞች በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ የአማርኛ መልክ ይስላሉ። ኮምፒውተሩ ልብ ውስጥ የተቀመጠው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። መልኩን የሚሰጠው ፎንት ከሌለ አማርኛው የለም። የሰፈሩ ውል፣ ኑዛዜ፣ የቅሬ ደንብ፣ ስንቱ በዚህ መልክ ተቀምጧል።

ፎንቱን ከእሷ ኮምፒውተር ገልብጬ ሚንት ላይ ጫንኩት። ጽሑፉ ተመለሰ። ተመስገን አልኩ። መጻፊያው ፕሮግራም ግን ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ነው። ጣቷ የለመደው እሱን ነው። ሳታይ ነው የምትጽፈው፣ ከባለጉዳይ ጋር እያወራች።

ይህንን ሁሉ ዓመት ስከራከራት አንድ ቀን እንኳ ፋይሎቿን ከፍቼ አላየሁም ነበር። ይቆጨኛል።

አሁን አንዱ ኮምፒውተር ሚንት ሆኗል፤ ኢንተርኔትና የደንበኛ ፍላሽ የሚገባው እሱ ላይ ነው። ሌላው በዊንዶውሱ አለ፣ የኔትወርክ ገመዱን ነቅለንለታል። አሮጌዎቹን ፋይሎች አንድ በአንድ ወደ ዩኒኮድ እየቀየርኩ ነው። አንዳንድ ፊደል ሲገለበጥ ይሳሳታል፣ ስለዚህ እሷ ታርማለች። መነጽሯን አድርጋ፣ በጣቷ እየተከተለች።

የቅሬውን ደንብ ትናንት ጨረስነው። አንቀጽ 3 ላይ «ሐዘን» የሚለው ቃል ተበላሽቶ ነበር፤ እኔ አልፌዋለሁ፣ ያየችው እሷ ናት። ከዚያ ስልኬ ላይ ላክሁትና ከፈትነው። ምንም ፎንት ሳንጭን ጥርት ብሎ መጣ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እስከ አንቀጽ 5 አነበበችልኝ።

ገና ብዙ ፋይል አለ። ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ ብያታለሁ።